ብለድሀውንድን ማሳደግ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ስለ ብለድሀውንድ የሚደርሱን ጥያቄዎች በመብዛታቸው የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለዚህ ዝርያ ሰጥተነዋል። ብለድሀውንድ ከአነፍናፊ ውሾች መካከል በግዝፈታቸው ከሚታወቁት አንዱ ነው፤ ወንዱ ከ46 እስከ 54፣ ሴቷ ደግሞ ከ40 እስከ 48 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። ጆሮው ረጅምና የተንዘላዘለ፣ የግንባሩና የአንገቱ ቆዳ የተሸበሸበ፣ ከንፈሩም የተንጠለጠለ ነው። ከደብዳቤዎቹ ብዙ አሳዳጊዎችን የሚመለከቱትን መርጠን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ አንድ ዓመት ከሁለት ወር የሆነው ወንድ ብለድሀውንድ አለን። ቤት ውስጥ ስጠራው ይመጣል፤ ተቀመጥ ስለው ይቀመጣል። ከደጅ ወጥቶ አፍንጫውን መሬት ላይ ከደፋ በኋላ ግን ጆሮ እንደሌለው ይሆናል። በቅርቡ በር ተከፍቶ ሲያገኝ ወጥቶ ጠፋና ከብዙ ፍለጋ በኋላ እጅግ ርቆ ተገኘ። ይህ ግትርነት ነው ወይስ እኔ አበላሽቼው ነው? መቅጣትስ ይገባኛል?

መልስ፦ አይቅጡት፤ ያበላሹትም ነገር የለም። የጻፉልን ሁሉ ጤነኛ ብለድሀውንድ የሚያደርገው ነው። በዚህ ውሻ አፍንጫ ውስጥ ያሉት የማሽተቻ ሕዋሳት እስከ 300 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል፤ የሰው ቢበዛ ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን ነው። ልዩነቱ ግን በቁጥር ብቻ አያበቃም። ውሻ ሲያነፈንፍ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ አጫጭር ትንፋሽ ይስባል፤ ከሚገባው አየር የተወሰነው ወደ ሳንባ ሳይወርድ፣ ለማሽተት ብቻ ወደሚያገለግለው የአፍንጫው ጥልቅ ክፍል ይዞራል፤ የሚወጣው አየር ደግሞ ከአፍንጫው ቀዳዳዎች ጎን ባሉት ስንጥቆች በኩል ስለሚያልፍ፣ ከፊት የሚመጣውን አዲስ ጠረን አይበትንበትም። ይህ ሁሉ በሥራ ላይ ሳለ የእርስዎ ጥሪ ከሚደርሱት ብዙ መልእክቶች መካከል አንዱ፣ ያውም ደካማው ነው። አርቢዎች ለብዙ ትውልድ የመረጡት አንድ ጠረን ከያዘ በኋላ በሌላ ነገር የማይዘናጋውን ስለሆነ፣ አሁን ያስቸገረዎት ጠባይ ዝርያው የተፈለገበት ችሎታው ራሱ ነው።

በመሆኑም የመጀመሪያው ደንብ ምንም ያህል ቢሠለጥን ባልታጠረ ቦታ ያለ ገመድ አለመልቀቅ ነው። ይህን ስናገር ቅር የሚሰኙ አሳዳጊዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ጠረን የያዘ ብለድሀውንድ መንገድ ሲያቋርጥ ግራና ቀኙን አያይም፤ ከእነዚህ ውሾች መካከል በመኪና ተገጭተው የሚሞቱት በአብዛኛው ጠረን ተከትለው የወጡ ናቸው። አጥርዎ ቢያንስ አንድ ሜትር ከግማሽ ከፍታ ያለው፣ ከሥሩም ቆፍሮ የማይወጣበት መሆን አለበት። መሬት ውስጥ ተቀብሮ ውሻው ሲጠጋ በአንገቱ ማሰሪያ በኩል የሚነዝረውን የኤሌክትሪክ አጥር ግን አልመክርም፤ ብለድሀውንድ ጠረን ሲጠራው ንዝረቱን ችሎ ይወጣል፤ ለመመለስ ሲፈልግ ደግሞ ያው ንዝረት ውጭ ያስቀረዋል። በአንገቱ ላይ ስልክ ቁጥርዎ የተጻፈበት መለያ ሁልጊዜ ይኑር።

ሁለተኛው ጉዳይ የመጥራቱ ልምምድ ነው። ዘግይቶም ቢሆን ወደ እርስዎ በመጣ ጊዜ አይቆጡት። ውሻ ቅጣቱን የሚያያይዘው ከዚያ በፊት ከሠራው ጥፋት ጋር ሳይሆን በዚያች ቅጽበት ካደረገው ነገር ጋር ነው፤ እርሱ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ያደረገው ወደ እርስዎ መምጣት ነው። ሲመጣ ከወትሮው የሚበልጥ ቁራሽ ሥጋ ይስጡትና መልሰው ወደ ማነፍነፉ ይልቀቁት፤ መጠራት የደስታው ማብቂያ እንዳልሆነ የተረዳ ውሻ ለመምጣት አያመነታም። በእግር ጉዞም ላይ ሁለት ጊዜ ይለዩለት፦ በአጭር ገመድ ከጎንዎ የሚራመድበትና በረጅም ገመድ እንደ ልቡ የሚያነፈንፍበት። የማነፍነፊያ ጊዜ የተነፈገ ብለድሀውንድ ቤት ውስጥ ዕቃ ያኝካል፤ ግቢ ይቆፍራል፤ ያላዝናል።

ጥያቄ፦ ይህን አፍንጫ ለቁም ነገር ማዋል እፈልጋለሁ። ፖሊስ አይደለሁም፤ ነገር ግን ውሻዬ ሰው ፈልጎ ማግኘት እንዲማር እመኛለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ይህ ደብዳቤ አስደስቶኛል፤ ብለድሀውንድ ደስተኛ ሆኖ የሚኖረው ሥራ ሲኖረው ነውና። የዝርያው ታሪክ በዛሬዋ ቤልጂየም፣ በአርዴን ደን ከነበረው የቅዱስ ሁበርት ገዳም ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዘንድ እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚሁ ቅዱስ ስም ነው። ሰውን በመፈለግ ያለው ስምም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ማርቲን ሉተር ኪንግን በመግደል የተፈረደበት ጄምስ ኧርል ሬይ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1977 በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት ከነበረው የብራሺ ማውንቴን እስር ቤት ሲያመልጥ፣ ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ፍለጋ በኋላ በተራራው ጫካ በቅጠል ተሸፍኖ ተኝቶ ያገኙት ሳንዲና ሊትል ሬድ የተባሉ ወጣት ብለድሀውንዶች ናቸው።

ከመጀመርዎ በፊት ውሻው የሚከተለው ምን እንደሆነ መረዳት ይጠቅማል። ከሰውነታችን ለዓይን የማይታዩ የቆዳ ቅንጣቶች ያለማቋረጥ ይረግፋሉ፤ በላያቸው ያሉት ባክቴሪያዎች ሲሠሩባቸውም ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ጠረን ይፈጠራል። ቅንጣቶቹ በንፋስ ተወስደው በሣር ውስጥ፣ በቦይ፣ በግንብ ሥርና በቁጥቋጦ ጥላ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ሰውየው በመንገዱ መሐል ቢሄድም ውሻው ከኮቴው ብዙ ርቆ በቦዩ ዳር ሊከተለው ይችላል፤ ይህ ስሕተት ስላልሆነ ወደ ኮቴው አይመልሱት። እርጥበትና ጥላ ጠረንን ያቆያሉ፤ የሚያቃጥል ፀሐይና ደረቅ አስፋልት ቶሎ ያጠፉታል። ጀማሪ ውሻ በማለዳ፣ ጤዛ ባለበት ሣር ላይ ቢለማመድ ይመረጣል።

ለሥራው ብቻ የሚውል የደረት መታጠቂያና ከ6 እስከ 10 ሜትር የሚረዝም ገመድ ያዘጋጁ። መታጠቂያው የሚደረገው ለሥራ ሲነሱ ብቻ ከሆነ ውሻው ያንን ሲያይ የሚመጣውን ያውቃል፤ በአንገት ማሰሪያ መጎተት ደግሞ ጉሮሮውን ያንቀዋል፤ ማነፍነፉንም ያውክበታል። የመጀመሪያው ልምምድ እንዲህ ነው። ውሻው የሚወደው ሰው እያየው፣ በእጁ ምግብ ይዞ ሠላሳ ወይም አርባ ሜትር ያህል ሄዶ ከዛፍ ጀርባ ይደበቃል። ሰውየው ከመሄዱ በፊት ለብሶት የነበረውን ካልሲ ወይም ሸሚዝ ሌላ ሰው ሳይነካው በንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት ከትቶ ይተውልዎታል። እርስዎ ከረጢቱን ከፍተው ለውሻው ያቀርባሉ እንጂ ጨርቁን አፍንጫው ላይ አይጫኑትም፤ አንድ ጊዜ ካሸተተ በኋላ ሁልጊዜ የማይለወጥ አንድ ቃል፣ ለምሳሌ «ፈልግ» ብለው ይከተሉታል። ሲያገኘው የሚሸልመው ተደብቆ የነበረው ሰው ይሁን። ሽልማቱ ከሚፈለገው ሰው እጅ ሲመጣ ውሻው ሥራው የሚያልቀው ሰውየው ዘንድ ሲደርስ መሆኑን ይረዳል።

ይህን ሲችል ሰውየው ውሻው ሳያየው ይደበቅ፤ ቀጥሎ መንገዱ አንድ መታጠፊያ ይኑረው፤ ከዚያ ሰውየው ከሄደ በኋላ ሩብ ሰዓት፣ በኋላም አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ተነሡ። በአንድ ቀን ርቀቱንም ቆይታውንም መታጠፊያውንም አይጨምሩበት፤ አንዱ ሲከብድ ሌላው ይቅለል።

ከሁሉ የሚከብደው የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ውሻውን ማንበብ። ጠረኑን የያዘ ብለድሀውንድ ራሱን ዝቅ አድርጎ ገመዱን በእኩል ኃይል ይስባል፤ ጅራቱም በአንድ ዓይነት አኳኋን ይቆያል። መታጠፊያውን ያለፈ እንደሆነ ገመዱ ይላላል፤ ውሻው ራሱን ቀና ያደርጋል፤ ዞሮ ዞሮም ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ባሉበት ይቁሙ፤ አይምሩት፤ አይናገሩት። የሄደበትን መንገድ እርስዎ ያውቁ ይሆናል፤ በእጅዎ ከመሩት ግን ሲቸገር ወደ እርስዎ ማየትን ይማራል፤ አሳዳጊው መንገዱን በማያውቅበት እውነተኛ ፍለጋ ጊዜ ደግሞ ይህ ልማድ ከንቱ ያደርገዋል። ከጥቂት ልምምድ በኋላ አንድ የሚያውቅዎት ሰው እርስዎ በማያውቁት መንገድ እንዲደበቅ ያድርጉና ውሻውን ይመኑት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የሚያለከልክ ውሻ በደንብ ማነፍነፍ አይችልም፤ አየሩን በአፉ እያስገባ ሰውነቱን ማቀዝቀዝ ስላለበት። ማለክለኩ ሲበረታ ያቁሙና ጥላ ውስጥ ውኃ ይስጡት። ብለድሀውንድ ሥራ ላይ ሳለ ድካሙን ስለማያሳይ፣ በሙቀት መጎዳቱ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከመሸ ነው።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ውሻችን ማታ በልታ ከተኛች በኋላ ሆዷ ተነፍቶ፣ ለማስመለስ እየሞከረች ምንም ሳይወጣላት ሳይነጋ ሞተች። ሌላ ለማሳደግ አስበናል፤ ግን ይህ እንዳይደገም እንፈራለን። ምን ነበር? ማዳንስ ይቻል ነበር?

መልስ፦ ኀዘናችሁን እጋራለሁ። የገለጻችሁት ሁሉ የጨጓራ መነፋትና መጠምዘዝ ከሚባለው ሕመም ጋር የሚመሳሰል ሲሆን፣ ደረታቸው ጥልቅ የሆነ ትልልቅ ውሾችን ከሚገድሉት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው፤ ብለድሀውንድ ደግሞ በዚህ ረገድ ከተጋለጡት ዝርያዎች መካከል ነው። ጨጓራው በአየር ተነፍቶ በራሱ ዙሪያ ሲጠመዘዝ መግቢያውም መውጫውም ይዘጋል፤ ውሻው ማስመለስ እየፈለገ ምንም የማይወጣለት ለዚህ ነው። የተነፋው ጨጓራ ወደ ልብ ደም የሚመልሱትን ትልልቅ ሥሮች ይጫናል፤ ጣፊያም አብሮ ሊጠመዘዝ ይችላል፤ የጨጓራው ግድግዳ ደም አጥቶ መሞት ይጀምራል። ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ሞት ያለው ጊዜ የሚቆጠረው በሰዓታት ነው።

ምልክቶቹን በቤት ያለ ሰው ሁሉ፣ ልጆችም ጭምር ይወቋቸው። ውሻው አይረጋጋም፤ ይተኛል፣ ይነሣል፣ ሆዱን ዞሮ ያያል። ለማስመለስ ይታገላል፤ የሚወጣው ግን ነጭ አረፋ ወይም ልሃጭ ብቻ ነው። ከጎድን አጥንቱ ኋላ ያለው ሆዱ ይወጠራል፤ በጣት ሲመቱት እንደ ከበሮ ይሰማል። ድዱ እየነጣ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ይወድቃል። ሳይወጣለት ለማስመለስ መታገሉን ካያችሁ የሆዱን መነፋት አትጠብቁ፤ በጥልቅ ደረት ውስጥ ያለ ጨጓራ መነፋቱ ከውጭ ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። በቤት የሚሰጥ መድኃኒት የለም፤ ወደ ሐኪም ስትጓዙ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ መምጣታችሁንም አሳውቁ። ሐኪሙ አየሩን ካስተነፈሰና ደም ሥር ውስጥ ፈሳሽ ከሰጠ በኋላ በቀዶ ሕክምና ጨጓራውን ወደ ቦታው ይመልስና ከሆድ ግድግዳ ጋር ይሰፋዋል። ሳይሰፋ የቀረ እንደሆነ ሕመሙ ከግማሽ በሚበልጡት ውሾች ላይ ይመለሳል።

በጊዜ ቢደረስ ማዳን ይቻል ነበር ወይ ላላችሁት፣ በጊዜ ከታከሙት መካከል ብዙዎቹ ይድናሉ። ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ የደረሰን ግን ማንም በወቅቱ ሊያየው አይችልምና ራሳችሁን አትውቀሱ።

ለሚመጣው ውሻ ዋናው ነገር የምግብ ሥርዓት ነው። የቀኑን ምግብ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ከፍላችሁ ስጡት። ቶሎ ቶሎ የሚውጥ ከሆነ ምግቡን በሰፊ ትሪ ላይ በትኑለት፤ ከሌላ ውሻ ጋር እየተሻማ እንዳይበላም ለየብቻ መግቡ። ከመብላቱ በፊትና በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ከሩጫና ከመንከባለል ይረፍ። ለትልልቅ ውሾች ከፍ ባለ ማስቀመጫ መመገብ ይጠቅማል ሲባል ትሰሙ ይሆናል፤ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ጥናት ግን ከፍ ያለ ማስቀመጫ አደጋውን እንደሚጨምር ስላሳየ፣ ሳህኑን መሬት ላይ አድርጉት። ወላጁ ወይም ወንድሙ በዚህ ሕመም የተያዘ ውሻ የበለጠ ይጋለጣል። ጤነኛ ሳለ ጨጓራውን ከሆድ ግድግዳ ጋር ማሰፋትም ይቻላል፤ ውሻው እንዲመክን በሚደረግበት ቀዶ ሕክምና ጊዜ አብሮ ሊሠራ ይችላል። መነፋቱን ባያስቀርም መጠምዘዙን በእጅጉ ስለሚከላከል፣ ለብለድሀውንድ እኔ በበኩሌ አጥብቄ እመክረዋለሁ።

ጥያቄ፦ የውሻዬ ጆሮ ይሸታል፤ ራሱንም እያራገፈ ይቧጥጣል። በጥጥ እንጨት ባጸዳውም አልተሻለውም። ዓይኖቹም ሁልጊዜ ቀልተው ያነባሉ።

መልስ፦ የጥጥ እንጨቱን አሁኑኑ ይተዉት። የውሻ ጆሮ ቦይ ወደ ታች ወርዶ ከዚያ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ፣ እንጨቱ ኩኩን ወደ ጥልቁ ይገፋዋል። የተንዘላዘለ ጆሮ አየር ስለማያገኝ እርጥብና ሞቃት ሆኖ ይቆያል፤ በዚያም ባክቴሪያና እርሾ ይራባሉ። አሁን ስለሚሸትና ስለሚያሳክከው ምንም ነገር ከመጨመርዎ በፊት የእንስሳት ሐኪም የጆሮውን ታምቡር ይይ፤ ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ አንዳንድ ፈሳሾች መስማት የሚያሳጣ ጉዳት ያደርሳሉ። ከዳነ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ ለውሻ ጆሮ የተዘጋጀውን ማጽጃ ጨምረው የጆሮውን ሥር ከውጭ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይሹት፤ ራሱን እንዲያራግፍ ይተዉት፤ ከዚያ በጣትዎ የሚደርሱበትን ያህል ብቻ በጥጥ ይጥረጉ። ሲበላ ጆሮው ሳህን ውስጥ እንዳይነከር በልብስ ሻሽ ወደ ኋላ ማሰር ይቻላል።

የዓይኑ መቅላት በዚህ ዝርያ የተለመደ ቢሆንም ችላ የሚባል አይደለም። የታችኛው የዓይን ቆብ ወደ ውጭ ሲገለበጥ አቧራ ይገባበታል፤ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ደግሞ ፀጉሩ የዓይኑን ብሌን ይፍቀዋል፤ ይኸኛው ዓይን ሊያጠፋ ይችላልና ውሻው ዓይኑን የሚያጨናብስ ወይም የማይገልጥ ከሆነ ቀን ሳያሳልፉ ያሳዩት። የቆዳውን እጥፋቶች፣ በተለይ የከንፈሩን ሥር፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው በደንብ ያድርቁ፤ ከማጠቡ ይልቅ ማድረቁ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ የሦስት ወር ቡችላችን አጥንቱ እንዲጠነክር የካልሲየም እንክብል መስጠት አለብን?

መልስ፦ አይስጡ። የትልልቅ ዝርያዎች ቡችላ የሚበዛበትን ካልሲየም ከአንጀቱ እንዳይገባ መከላከል ስለማይችል፣ ትርፉ የአጥንቱን እድገት ያበላሸዋል። ለትልልቅ ዝርያ ቡችላዎች የተዘጋጀ ምግብ ከበላ የሚጎድለው የለም። እንዳይወፍርም ይጠንቀቁ፤ የጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ በቀላሉ ሊታወቅ ይገባል። የአጥንቱ ማደጊያ ጫፎች ተዘግተው እስኪያልቁ፣ ማለትም እስከ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ፣ ከፍ ካለ ቦታ መዝለልና ደረጃ መውጣት መውረድ አይብዛበት። ዳሌውና ክርኑ ለዕድሜ ልክ የሚታመሙት በዚህ ጊዜ በደረሰባቸው ጫና ተባብሶ ሊሆን ይችላል። ቀስ ብሎ እያነፈነፈ የሚሄድበት ጉዞ ግን አይጎዳውም።

ጥያቄ፦ ቤት እንዲጠብቅልን ግዙፍ ውሻ እንፈልጋለን፤ ትንንሽ ልጆችም አሉን። ብለድሀውንድ ይሆነናል?

መልስ፦ ለልጆቻችሁ ሊሆን ይችላል፤ ለጥበቃ ግን አይሆንም። ብለድሀውንድ የሚያገኘውን ሰው የሚነክስ ሳይሆን ያገኘው ዘንድ ሲደርስ ጅራቱን የሚቆላ ውሻ ነው፤ ሰብሮ የገባን እንግዳም እንዲሁ ሊቀበለው ይችላል። ድምፁ ወፍራምና ሩቅ የሚሰማ ስለሆነ ሰው ያስደነግጥ ይሆናል፤ ያው ድምፅ ግን ብቻውን ሲቀር ለጎረቤት የሚያስቸግር ማላዘን ይሆናል። ከልጆች ጋር ታጋሽ ነው፤ ነገር ግን 50 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ዞር ሲል ብቻ ሕፃን ይጥላል፤ ጠረን ሲስበውም ልጅ ገመዱን ይዞ ሊያስቆመው አይችልም። ስለዚህ ከሕፃናት ጋር ብቻውን አይተዉት፤ ገመዱንም አዋቂ ይያዘው። በልሃጭ የራሰ ግድግዳና ልብስ የሚያስጠላው ቤተሰብ ሌላ ዝርያ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ዕድሜው አጭር መሆኑን ለልጆች አስቀድሞ መንገርም ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ ከ7 እስከ 10 ዓመት ነው የሚኖሩት። ይህን ሁሉ አይታችሁ ከወሰናችሁ፣ ቡችላውን ከመውሰዳችሁ በፊት እናቱን ቆማችሁ እዩ፤ የሚቻል ከሆነ አባቱንም። ዓይኖቻቸው ሳይቀሉ ይገለጣሉ? ሲነሡ የኋላ እግራቸው ይከብዳቸዋል? እንግዳ ሲቀርባቸው ይሸሻሉ ወይስ ሊያሸቱት ይመጣሉ? የዳሌና የክርን ራጅ ውጤታቸውን ጠይቁ፤ ከዘመዶቻቸው መካከል በጨጓራ መጠምዘዝ የሞተ እንዳለም በግልጽ ጠይቁ። በግልጽ የሚመልስላችሁን አርቢ ምረጡ፤ ጥያቄውን የሚያድበሰብስ ከሆነ ግን ቡችላው ምንም ያህል ቢያምር ትታችሁት ሂዱ።